ወለሉን ከመስበራችሁ በፊት

በሕንፃ ሳኒተሪ ሥራ ለተሰማራችሁና ልትሰማሩ ለምታስቡ ወጣቶች፤

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ በሆቴሎች፣ በምግብ ቤቶች፣ በገበያ ሕንፃዎችና በመኪና እጥበት ቦታዎች ሥር የሚቀበሩ የፍሳሽ ቱቦዎችን ስዘረጋና ስጠግን፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴም ያለ ምክንያት ስቆፍር ኖሬአለሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ያተረፍሁት ዋና ነገር ቢኖር ውሃው የወጣበት ቦታና ቱቦው የተበላሸበት ቦታ እምብዛም አንድ አለመሆናቸውን ማወቄ ነው። እናንተ ይህን ለመማር እንደ እኔ የሰው ወለል እንዳትሰብሩ ብዬ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

ሥራ በጀመርሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሐይቅ ዳር አካባቢ ወዳለ አንድ ሆቴል ተጠራሁ። በወጥ ቤቱ ወለል ላይ ካለው የውሃ መውረጃ ቆሻሻ ውሃ ይገነፍል ነበር፤ ቅዳሜ ሠርግ ስለነበረባቸውም ባለቤቱ አጠገቤ ቆመው «ዛሬውኑ ይሰበር» እያሉ ያጣድፉኝ ነበር። እኔም ጥያቄ ማብዛት አላዋቂ የሚያስመስለኝ ስለመሰለኝ ወዲያው መዶሻና መሮ አስመጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ቴራዞውን፣ ማለትም ከሲሚንቶና ከጠጠር ተሠርቶ የተወለወለውን ወለል፣ ሰብረን ያገኘነው አንድም ስንጥቅ የሌለበት፣ ነገር ግን እስከ አፉ ውሃ የሞላ ቱቦ ነበር። ያ ሙሉ ቱቦ መልሱን እየነገረኝ ነበር፤ ውሃው ሞልቶ ከቆመ መውጫው ከዚያ በታች ሌላ ቦታ ተዘግቷል ማለት ነውና። ነገሩን የፈቱት የግቢው አትክልተኛ ናቸው። «ልጄ፣ እዚህ አበባው ሥር ድሮ ክዳን ነበረ» አሉኝና በዶማቸው ጀርባ አፈሩን መታ መታ ሲያደርጉት ሲሚንቶው ጮኸ። ከወጥ ቤቱ 18 ሜትር ያህል በሚርቀው በዚያ ማንሆል፣ ማለትም በፍሳሽ መስመሩ መፈተሻ ጉድጓድ፣ ውስጥ ቅባቱ እንደ ሳሙና ነጥቶና ጠጥሮ አካፋ አላስገባ ብሎ ነበር። የቴራዞውን ማሠሪያ ከኪሴ ከፈልሁ፤ ሠርጉም ሌላ አዳራሽ ሄደ።

ስለዚህ ወደ አንድ ድርጅት ስትጠሩ መጀመሪያ ሰው ጠይቁ። ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ ዕቃ አጣቢዋ፣ ጥበቃውና አትክልተኛው ብዙ ያውቃሉ። አንድ የእጅ መታጠቢያ ብቻ ከሆነ የዘገየው ጉዳዩ ከሲፎኑ፣ ማለትም ከሥሩ ካለው የታጠፈ ቱቦ፣ ወይም ከራሱ ቅርንጫፍ አያልፍም፤ የምድር ቤቱ መውረጃዎች ሁሉ አብረው ከገነፈሉ ግን ዋናው መስመር ተይዟል። ችግሩ ዝናብ በጣለ ቁጥር ብቻ የሚመጣ ከሆነ የጣሪያውን አሸንዳ ከፍሳሹ ጋር ያገናኘ ሰው መኖሩን ጠርጥሩ። ከዚያ በኋላ ማንሆሎቹን ከታችኛው ጀምራችሁ ወደ ላይ ክፈቱ። አንዱ ደረቅ ሆኖ ከእርሱ በላይ ያለው ሞልቶ ካገኛችሁት ሕመሙ በሁለቱ መካከል ነው፤ ቁፋሮ ካስፈለገም እዚያ ብቻ ይሆናል። መስመሩ ከተከፈተና ውሃው ከወረደ በኋላ በአንደኛው ማንሆል ባትሪ አብርታችሁ በሌላኛው በመስታወት ተመልከቱ። ቱቦው ቀጥ ያለ ከሆነ ብርሃኑ ድፍን ክብ ሆኖ ይታያል፤ ሆዱ ወርዶ ወይም ወደ ጎን ተጣምሞ ከሆነ ክቡ ተቆርጦ ይታያችኋል። ዛሬ በቱቦ ውስጥ የሚገባ ካሜራ አለ፤ ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ መስታወቱን ግን አትጣሉት።

የሐዋሳ አፈር ደግሞ ለሚያስተውለው ሰው የራሱ ምልክት አለው። ከተማዋ የተቀመጠችው ከጥንት እሳተ ገሞራ በተረፈ ልል አፈር ላይ ስለሆነ፣ በቁፋሯችን ውስጥ ነጭ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል ጠጠር፣ ማለትም ፑሚስ፣ በብዛት ይገኛል። ይህ ጠጠር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ማንሆል ከፍታችሁ በፍሳሹ ላይ የሚንሳፈፍ ነጭ ጠጠር ካያችሁ፣ ከወጥ ቤትም ከመታጠቢያ ቤትም የመጣ አይደለምና፣ አንድ ቦታ ላይ መጋጠሚያው ተከፍቶ መሬቱ ወደ ቱቦው እየገባ መሆኑን ዕወቁ። ይህ ከመደፈን የከፋ ነገር ነው። ቱቦው አፈሩን በጥቂት በጥቂቱ እየወሰደ ከወለሉ ሥር ባዶ ጉድጓድ ይሠራል፤ ላዩ ግን አንድ ቀን የጭነት መኪና እስኪያልፍበት ድረስ ደህና መስሎ ይቆያል።

ስለ ዝርጋታው ብዙ አልልም፤ በትምህርት ቤት ተምራችሁታል። 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በአንድ ሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር፣ 50ው ደግሞ 2 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት እንደሚፈልግ አትርሱ። በ30 ሜትር የ110 መስመር ላይ ይህ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሴፕቲክ ታንኩ፣ ማለትም ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ መግቢያ አስቀድሞ ከፍ ብሎ ከተሠራ ያንን 30 ሳንቲ ከየትም አታመጡትም። በ90 ዲግሪ ከመታጠፍ ሁለት የ45 ኤልቦ (የቱቦ ማጠፊያ) አድርጉ። ሙሌት ከመመለሱ በፊት የታችኛውን አፍ ደፍናችሁ መስመሩን በውሃ ሙሉትና እየጎደለ እንደሆነ ተመልከቱ።

በንግድ ቤቶች ከሁሉ በላይ ያደከመኝ ግን ቅባት ነው። የዓሣ ጥብስ፣ የዶሮ ወጥና የክትፎ ዕቃ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ቅባቱ ቀልጦ ያለ ችግር ይወርዳል፤ ዕቃ አጣቢዋም ሥራዋን በደንብ ሠርታለች። ከመሬት በታች ጥቂት ሜትር ከተጓዘ በኋላ ግን ይቀዘቅዝና በቱቦው ግድግዳ ላይ ይጋገራል፤ በየቀኑ እየተደራረበም የ110ሩን ቱቦ የጣት ቀዳዳ ያደርገዋል። ያኔ ኮስቲክ ሶዳ የሚደፉ አሉ፤ እርሱ ግን ሙቀቱ ፒቪሲውን ሊያጣምም ይችላል፣ በሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ ቅባቱንም አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ወደፊት ገፍቶ እንደገና ያስቀምጠዋል። መፍትሔው ከወጥ ቤቱ ውጭ፣ የሽንት ቤት መስመር ፈጽሞ የማይገባበት፣ ክዳኑ በቀላሉ የሚከፈት የቅባት ማጥመጃ፣ ማለትም ቅባቱን ከውሃው ለይቶ የሚያስቀር ጉድጓድ፣ ሠርቶ ሥራ በሚበዛበት ቤት በየሳምንቱ መጥረግ ነው። ክዳኑ በቀላሉ ይከፈት የምለው፣ በክዳኑ ላይ ትልቅ ፍሪጅ አቁመው «ማጥመጃ አለን» ያሉኝ ደንበኛ ስላጋጠሙኝ ነው።

ወደ ሐይቁ ስትቀርቡ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ መሆኑን በአእምሯችሁ ያዙ። አንድ ድርጅት 10 ሜትር ኩብ የሚይዝ የፕላስቲክ የፍሳሽ ታንከር ቀብሮ በሐምሌ በመምጠጫ መኪና ሙልጭ አድርጎ አስጠረገው። በማግስቱ ስንደርስ ታንከሩ መሬቱን ሰንጥቆ ብቅ ብሏል፤ መግቢያ ቱቦውም ከመጋጠሚያው ተገንጥሏል። ባዶ ታንከር ዙሪያውን በውሃ ሲከበብ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ወደ 10 ቶን ይጠጋልና በኮንክሪት መሠረት ላይ መታሰር ነበረበት፤ በክረምትም ሙሉ በሙሉ ባዶ መደረግ አልነበረበትም። ፍሳሹ ወደ አፈሩ የሚሰርግበት ማስረጊያ ጉድጓድም እዚያ አካባቢ አይሆንም። የከርሰ ምድር ውሃ የሞላው ጉድጓድ ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ሐይቁ ያሳልፈዋል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ዓሣውንም የምንበላው እኛው ነን።

አንድ ነገር ግን እንደ አባት እለምናችኋለሁ፤ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ወደ ጥልቅ ማንሆል አትግቡ፣ ሰውም አታስገቡ። በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በመጀመሪያ እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ያስመስላል። የወደቀውን ሊያወጣ የገባ ሁለተኛው ሰውም በዚያው ይቀራል። ደንበኛው ቢቆጣ ይቆጣ፤ በመኪና ይመጠጥ፣ በሽቦ ይከፈት።

ከመቅበራችሁ በፊትም ለኩና ጻፉ። የሕንፃው ፕላን ላይ ያለው መስመርና መሬት ውስጥ ያለው መስመር በአሠሪና በፎርማን ስምምነት ስንት ጊዜ እንደሚለያይ እናንተም ታዩታላችሁ። እኔ ከዚያ ከቴራዞው ጉዳይ በኋላ የእያንዳንዱን ማንሆል ቦታ ከማይነቃነቅ ነገር፣ ከዓምድ ወይም ከአጥር፣ በሁለት አቅጣጫ ለክቼ በደብተር መያዝ ጀመርሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ባለሙያ ደውሎ፣ ድሮ እኔ የሠራሁበት አንድ የገበያ ሕንፃ ምድር ቤቱ እየገነፈለ እንደሆነና ግቢው በሙሉ ኮብልስቶን ስለተነጠፈ ክዳኑ እንዳልተገኘ ነገረኝ። ደብተሩን ገልጬ «ከምሥራቁ ጥግ ዓምድ 4 ሜትር ከ20፣ ከኋላው አጥር 2 ሜትር ከ60» ብዬ አነበብሁለት። ስልኩን ሳይዘጋ ለካ፤ ድንጋዮቹ ሲነሱም እሰማ ነበር። «ጋሼ፣ አካፋው ክዳኑን መታ» አለኝ።