መልስ፦ ከሳይት የመጣው ኢንጂነር ክፍል መቆጣጠር ካቃተው

ከግንባታ ሳይት መጥቶ ትምህርት ቤትህ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኢንጂነር ክፍል መቆጣጠር ስላቃተው ላሰናብተው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አታሰናብተው። ራስህ እኮ "ፊዚክሱን ጠጥቶታል ግን 9ኛ ክፍል ገብቶ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ይንጫጩበታል" ብለሃል፣ የጎደለው ክፍል አያያዝ ብቻ ነው ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ይለመዳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፣ እሱ ገና አምስተኛ ሳምንቱ ከሆነ ጊዜ አለህ።

1. ፔሬድ ቀንስለት። ለጀማሪ በሳምንት 28 ፔሬድ ቅጣት ነው፣ ደሞዙን ሳትነካ ለዚህ ሴሚስተር 18 አድርገው።

2. አንድ የበሰለች መምህርት መድበህ እሱ የሷን ክፍል ገብቶ ይይ፣ እሷም የሱን። ዩኒት ሊደሩ (የመምህራኑ የቅርብ ተቆጣጣሪ) የግምገማ ፎርም ይዞ ከኋላ እንዳይቀመጥበት ግን፣ ሰውየው ላብ በላብ ነው የሚሆነው።

እኔም ከባንክ ወጥቼ ነው ቾክ የያዝኩት፣ መጀመሪያ ሳምንት ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳውን ሞልቼ ዞር ስል የኋላ ወንበር ላይ ቆሎ እየተከፋፈሉ ነው (ለኔም አልቀረልኝም፣ አንዷ ዘግና ሰጠችኝ)። አንድ ሽማግሌ መምህር "በጎንህ ቆመህ ጻፍ፣ ሦስት መስመር ጽፈህ አንዱን ጠይቅ" አሉኝ፣ ግማሹ ረብሻ በዚያው ቆመ። ለሱም እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር የሚነግረው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፣ "ፒጂዲቲ (የማስተማር ሙያ የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ) ይማርና ይስተካከላል" ብለህ እንዳትተወው። መማሩ ጥሩ ነው ግን የዓመት ነገር ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ይጠብቁታል።