«ሆርሞኔ ነው» የሚል ባል

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በትንሽ በትልቁ ይጮሃል። ቁልፉን ካስቀመጠበት ካጣው ቤቱ ይናወጣል። ድሮ ቢያንስ ሲበርድለት ይቅርታ ይለኝ ነበር። ስለ አንጎል የሚያወሩ ቪዲዮዎች ማየት ከጀመረ ወዲህ ግን መልሱ «ወንድ ሲፈጠር እንዲህ ነው፤ ሆርሞን ነው፤ ሳይንሱን አንብቢ» ሆኗል። ባለፈው እየጮኸብኝ ሳለ አለቃው ደወለ። «አቤት አለቃዬ» ብሎ በለሰለሰ ድምፅ አወራ። ስልኩን ዘጋና ካቆመበት ቀጠለ። እኔ ሌሊት ልቤ እየደለቀ እነቃለሁ። እውነት ራሱን መቆጣጠር አይችልም?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ አለቃው የጻፍሽውን ሦስቴ አነበብኩት። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል ማለት ይቻላል።

በቅድሚያ ለባልሽ ሐቁን ልስጠው። የሚለው ሁሉ ውሸት አይደለም። አንጎላችን ውስጥ በጥልቀት የተቀመጠች፣ የለውዝ ፍሬ የምታክል አሚግዳላ የምትባል ክፍል አለች። አደጋ የመሰላትን ስታይ ሳታጣራ ደወል ትደውላለች። አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ይረጫል፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ዋልተር ካነን የተባለው የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ይህን ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1915 ገልጾታል፦ ወይ መጋጠም፣ ወይ ማምለጥ። አውሬ ያባርራቸው የነበሩትን ቅድመ አያቶቻችንን አትርፏል። የጠፋ ቁልፍ ግን አውሬ አይደለም።

ይህን የሚለየው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። ልጓሙ እሱ ጋ ነው። ስልኩ ሲጠራ የባልሽ ልጓም ወዲያው ሠራ። አድሬናሊኑ እኮ የትም አልሄደም፤ ገና ደሙ ውስጥ እየዞረ ነበር። የተለወጠው የሚያናግረው ሰው ነው። አለቃ ላይ መጮህ ዋጋ ያስከፍላል፤ አንቺ ላይ መጮህ እስካሁን ምንም አላስከፈለውም። ቁጭ ብሎ አስልቶት ነው እያልኩ አይደለም። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ቤት ውስጥ ማን እንደሚጮህ፣ ማን ዝም እንደሚል እያየን አድገናል። በማየት የገባን ነገር ግን «ተፈጥሮ ነው» ብሎ ፋይሉን መዝጋት አይቻልም።

ስለ ሆርሞኑ ደግሞ አንድ ጥናት ልንገርሽ፤ እኔን ሁሌም ፈገግ ያሰኘኛል። የዙሪክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ነው። ለአንዳንድ ሴቶች የወንድ ሆርሞን የሚባለውን ቴስቶስትሮን፣ ለሌሎቹ ምንም የሌለበት ማስመሰያ ሰጧቸው። ከዚያ ገንዘብ ከሌላ ሰው ጋር እንዲካፈሉ አደረጉ። ሆርሞኑን የወሰዱት ይበልጥ ፍትሐዊ ክፍፍል አቀረቡ። የሰሰቱት «ቴስቶስትሮን ወስጃለሁ» ብለው ያመኑት ናቸው፤ በእርግጥ ይውሰዱም አይውሰዱም። ያከፋቸው ስለ ሆርሞኑ የሰሙት ወሬ ነበር። ጥናቱ በሴቶች ላይ ስለተሠራ በባልሽ ላይ በቀጥታ አይፈርድም። ቪዲዮዎቹ ግን ምን እየሠሩበት እንደሆነ ይጠቁማል ብዬ አስባለሁ።

የአንቺን የሌሊት ልብ ምትም ቀላል አድርገሽ አትይው። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ በ42 ጥንዶች ክንድ ላይ ለጥናት ትንንሽ ቁስል ተደርጎ ነበር፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በጥላቻ የሚነጋገሩት ጥንዶች ቁስል የዳነበት ፍጥነት ከሌሎቹ 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ጭቅጭቅ ሰውነት ውስጥ ይገባል። ሐኪም ጋ ሄደሽ ታዪ።

አሁን ምን ታድርጊ? በጩኸቱ መሃል ስለ ሳይንስ አትከራከሪው፤ ያኔ የሚሰማሽ የለም። ረጋ ባለበት ሰዓት፣ ልጆች ካሏችሁ በሌሉበት፣ እንዲህ በይው፦ «ለአለቃህ ያወራህበትን ድምፅ እኔም እፈልገዋለሁ። እንደምትችል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ከዚያ ተስማሙ። ንዴቱ ሲመጣበት «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፤ በዚህ ሰዓት እመለሳለሁ» ብሎ ይውጣ። ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ ሰውነት ቶሎ አይበርድም። ውጭ ሆኖ ጠቡን በሐሳቡ ከደገመው ግን ዋጋ የለውም። ባለው ሰዓት መመለሱ ደግሞ ከመውጣቱ እኩል ነው። ካልተመለሰ መሸሽ ነው።

ያልነገርሽኝ አንድ ነገር አለ። መትቶሽ ወይም ዝቶብሽ ያውቃል? ከሆነ ከላይ ያልኩትን የንግግር ምክር ተይው፤ ብቻሽን አታናግሪው። ለምታምኚው ሰው ዛሬውኑ ንገሪ፤ የምትሄጂበትንም ቦታ አስቀድመሽ ያዢ። ለእኔም መልሰሽ ጻፊልኝ።