ስለ «ኦኬ» ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁኝ

ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ከተማሪ አፍ የማትጠፋ ቃል «ኦኬ» ናት። እሷን በተመለከተ ከላካችሁልኝ ውስጥ ጥቂቱን ልመልስ።

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ «ኦኬ» የምን አጭር ናት?

የቀልድ! የአሜሪካዋ ቦስተን ጋዜጠኞች እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ ቃል እያጣመሙ በመጀመሪያ ፊደሉ ማሳጠር ፋሽን አድርገውት ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ሁሉም ትክክል ማለት፣ በደንቡ ሲጻፍ በኤ እና በሲ ይጀምራል። እነሱ በኦ እና በኬ ጻፉት። «ትክክል» የሚለውን ራሱን አሳስቶ መጻፍ ነው ጨዋታው። ማርች 23 ቀን 1839 «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» ላይ ታተመች።

ከወልዲያ፦ ሌሎቹ ቀልዶች ጠፍተው እሷ እንዴት ቀረች?

ምርጫ ደረሰላታ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢውረን በ1840 ዳግም ሲወዳደር ደጋፊዎቹ በትውልድ መንደሩ ስም «ኦልድ ኪንደርሁክ» አሉት፤ ሲያጥር ያው ኦኬ። ሰውዬው ተሸነፈ፣ ቃሏን ግን አገር ለመዳት። ኋላ ቴሌግራፈኞችም «መልእክቱ ደርሷል» ለማለት ወደዷት።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ ኦ እንደ ዜሮ፣ ኬ ደግሞ «ኪልድ» (ተገደለ) ተብላ «ዜሮ ሰው ሞተ» ማለት ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

ወሬ ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ምሁር አለን ዎከር ሪድ በ1960ዎቹ የድሮ ጋዜጣ አገላብጦ የቦስተኑን ታሪክ አወጣው። በነገራችን ላይ ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰንም ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከቾክቶዎች ቋንቋ የመጣች መስሎት ነበር።

ከሐይቅ፦ ፈረንጁ አለቃዬ ሥራዬን አይቶ «ኢት ኢዝ ኦኬ» አለኝ። ልደሰት?

ብዙም አትፈንጥዝ። «ክፉ አይደለም» ማለቱ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢጠይቅህ «ተስማማን?» ነው፤ ወረቀት ላይ «ኦኬ አደረገው» ከተባለ ጸድቋል። የሚያሳስተን ግን ሌላ ነው። ቡና እየቀዳህ «ልድገምልህ?» ስትለው «አይ አም ኦኬ» ካለ፣ ይቅርብኝ ማለቱ ነው። ወሎዬ ደግሞ «እሺ አለ» ብሎ ይሞላለታል! ባይልም «በሞቴ» ብሎ ይሞላል፤ እሱ የኛ ጉዳይ ነው።

ከባቲ፦ የኛን «አብሽር» ትተካለች?

በጭራሽ። «አብሽር» ከዓረብኛ ናት፤ አይዞህ፣ በርታ ትላለች። ለቅሶ ቤት ገብተህ «ኦኬ» በልና የሚያዩህን እይ።

ከደሴ፦ ፈተና ላይ በሁለት ፊደል ልጻፋት ወይስ በአራት?

ሁለቱም ያስኬዳል። አንድ ወረቀት ላይ ብቻ አትቀላቅል።