መብራት ከመጨመራችሁ በፊት፦ ለጀማሪ የጭነት መኪና ሹፌሮችና ኤሌክትሪሺያኖች

ልጆች፣ የመኪናችሁ መብራት ደከመ ብላችሁ ወደ አምፖል ሻጭ ከመሮጣችሁ በፊት ይህችን ስሌት ሥሩ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዓይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ 33 ሜትር አለፈ ማለት ነው። ፍሬኑ ጤነኛ፣ አስፋልቱም ደረቅ ቢሆን ለመቆም ሌላ 50 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል፤ ድምሩ 83 ሜትር። የአየር ፍሬን አየሩ እስኪደርስ የሚዘገየውን ገና አልቆጠርንም። አጭር መብራታችሁ ደግሞ ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ በየ10 ሜትሩ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ከተስተካከለ፣ የጨረሩ ጫፍ መሬት የሚነካው 60 ሜትር ላይ ነው። ምንም ጉድለት የሌለበት አጭር መብራት እንኳ በ80 አይበቃም ማለት ነው። በ60 ስትነዱ ግን ለማየት 25፣ ለመቆም 28፣ በድምሩ 53 ሜትር ስለሚሆን ይበቃችኋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የጠፋውን ብርሃን ለመመለስ ነው፤ ፍጥነት ለመጨመር የሚፈልግ ሌላ ደብዳቤ ይፈልግ።

ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ሽቦ ውስጥ ነው። የሃሎጅን አምፖል ቮልት ሲጎድልበት ብርሃኑ የሚቀንሰው በዚያው መጠን ሳይሆን በብዙ እጥፍ ነው፤ 10 በመቶ ቮልት ያጣ አምፖል ወደ 30 በመቶ ብርሃን ያጣል። ባለ 24 ቮልት መኪና ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ወደ 28 ቮልት ያሳያል። አምፖሉ ላይ 25 ብቻ ከደረሰ ችግሩ አምፖሉ አይደለም፤ አሥር ጊዜ ብትቀይሩትም ያው ነው።

ልኬቱን እንዲህ ውሰዱ። ሞተሩ ተነሥቶ መብራቱ ይብራ። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ቀዩን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ከአምፖሉ ሶኬት ጀርባ በፖዘቲቩ እግር ላይ አድርጉ። ቴስተሩ የሚያሳየው ቁጥር መንገድ ላይ የቀረው ቮልት ነው። ቀጥሎ ኔጌቲቩንም በዚሁ መንገድ፣ ከሶኬቱ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለኩ። እያንዳንዱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ሥራ አለባችሁ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ሶኬቱን ነቅሎ ሲለካ ነው። አምፖሉ ካልሳበ በሽቦው ውስጥ ከረንት አይሄድም፣ ከረንት ካልሄደ ደግሞ የዛገ ግንኙነትም ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ልጁም «ሽቦው ደህና ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

ከኔጌቲቩ ጀምሩ፣ ርካሽ ነውና። የኔጌቲቩ ገመድ ከሻሲው የተያዘበትን ቡሎን ፈታችሁ ቀለሙንና ዝገቱን ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጉ፣ ካፖኮርዳውን (የገመዱን ጫፍ ማያያዣ ብረት) አዲስ አድርጉ፣ ካሰራችሁ በኋላ ግሪስ ቀቡት። ካቢናው ከሻሲው በላይ በጎማ ማስደገፊያ ላይ ስለሚቀመጥ ከካቢና ወደ ሻሲ የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድ ከተቆረጠ ከረንቱ በሌላ ቀጭን ሽቦ በኩል ይመለሳል፤ ፍሬቻ ስታበሩ የፊት መብራቱ የሚርገበገብ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ተመልከቱ። ከዚያ የአምፖሉ ሶኬት። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ወይም ቀልጦ ከሆነ እግሩ ላልቷል፣ ግሏልም። በቴፕ መጠቅለል አያድነውም፤ ሙቀት የሚችል የሴራሚክ ሶኬት አስገቡ።

የቀረው ኪሳራ ከመሪው ሥር ባለው ማብሪያና በረጅሙ ቀጭን ሽቦ ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ ሪሌ ነው፣ ማለትም በትንሽ ከረንት ታዝዞ ትልቁን ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ። መኪናው ከፋብሪካው ሪሌ ካለው ያንን መርምሩ እንጂ ሌላ አትደርቡ። ከሌለው ሁለት ባለ 24 ቮልት ሪሌ ውሰዱ፣ አንዱ ለአጭር አንዱ ለረጅም። ባለ 12ቱ በ24 ቮልት ጥቅልሉ ይቃጠላል፤ ከላይ ሲያዩት አንድ ስለሚመስሉ ጽሑፉን አንብቡ። በሪሌው እግሮች ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥር 30 ከባትሪው በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይምጣ፤ 20 አምፒር ዋና ፊውዝ ከባትሪው በስንዝር ርቀት ውስጥ ይቀመጥ፤ ምክንያቱም ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ቢላጥና ሻሲ ቢነካ የሚያድነው የለም። 85 ወደ ኔጌቲቭ፤ 86 ከድሮው የመብራት ሽቦ፣ አሁን ትእዛዝ ብቻ ስለሚያስተላልፍ ቀጭንነቱ አይጎዳም። ከ87 በ2.5 ካሬ ሽቦ ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ሂዱ፣ በየመንገዱም 10 አምፒር ፊውዝ አድርጉ። ሁለት ባለ 75 ዋት አምፖል በአንድ ላይ ከ6 አምፒር ትንሽ በላይ ነው የሚስበው፣ ስለዚህ አንድ ፊውዝ ለሁለቱም በቂ ነበር፤ ግን በሌሊት፣ መታጠፊያ ላይ፣ ሁለቱ አብረው ሲጠፉ አስቡት።

ሦስት ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ መኪኖች አጭርና ረጅሙን የሚለዩት በኔጌቲቩ በኩል ነው፤ በቴስተር ሳታረጋግጡ ከላይ ያልኩትን አትቅዱ። አምፖሉን በኮምፒውተር የሚከታተሉ አዳዲስ መኪኖችን ደግሞ ያለ ፋብሪካው የሽቦ ንድፍ አትንኩ። በ24 ቮልት መኪና ላይ ባለ 12 ቮልት መብራት ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ቀጥለው የሚወስዱ አሉ፤ ይህም ነውር ነው። የተሳበበት ባትሪ ሁሌ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ። ባለ 24 ቮልት መብራት ግዙ፣ ካልሆነም ቮልት መቀነሻ አስገቡ።

ሽቦው ከዳነ በኋላ የመብራቱን ፊት ተመልከቱ። ፕላስቲክ ከሆነ ፀሐይ የላይኛውን መከላከያ ሽፋን ስለበላው ነው ቢጫ የሚሆነው። በውሃ እያራሳችሁ በብርጭቆ ወረቀት 800፣ ከዚያ 1500፣ ከዚያ 2000 ፈግፍጉ፣ በፖሊሽ አጥሩ፣ በመጨረሻ ፀሐይ የሚከላከል ጥርት ያለ ቫርኒሽ ርጩበት። ይህን የመጨረሻውን የሚዘል በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ይደበዝዝበታል። በጥርስ ሳሙና ማሸትም ለጊዜው ያታልላል እንጂ ሽፋን አይሆንም። በአሸዋ የተወቀረ የመስታወት ፊት ግን አይታደስም፣ ይቀየራል። ውስጡ ያለው አንጸባራቂ ከደበዘዘም እንዲሁ፤ እሱ ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ስለሆነ በጨርቅ ስታብሱት ነው ጨርሶ የሚጠፋው።

አምፖል ላይ አልቆይም። በፋብሪካው ዋት ልክ፣ ሁለቱን አብራችሁ ቀይሩ፤ ብርጭቆውን በጣት አትንኩ፣ ከነካችሁ በአልኮል ጥረጉ። 100 ዋት ሶኬት ያቀልጣል፣ አንጸባራቂውን ያጠቁራል። ሰማያዊ የተቀባ አምፖል ነጭ ይመስላል እንጂ ቀለሙ ብርሃኑን ይውጣል። ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ኤልኢዲ መክተትስ? አንጸባራቂው የተቀረጸው ክሩ ባለበት ሚሊ ሜትር ልክ ነው። ብርሃኑ ከዚያ ቦታ ከራቀ ይበተናል፤ አፍንጫችሁ ሥር ይደምቃል፣ ሩቁ ይጨልማል፣ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ይታወራል። ኤልኢዲ ከፈለጋችሁ ሙሉውን መብራት ለዚያ የተሠራና ለመኪናችሁ የተፈቀደ ግዙ።

ማስተካከያውን ሁሉም ይዘለዋል፣ ከሁሉ የሚበልጠው ግን እሱ ነው። ጎማዎቹ በልካቸው ተነፍተው፣ ሹፌር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ቁሙ። የመብራቱን መሃል ከመሬት ለኩና ግድግዳው ላይ በዚያው ከፍታ መስመር አስምሩ። መብራቱ አጠገብ የተለጠፈው ምልክት 1.5 በመቶ ካለ የጨረሩ የላይኛ ጠርዝ ከመስመሩ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ 1 ካለ 10 ሴንቲ ሜትር። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላውን ሶኬቱን ነቅላችሁ አጥፉት፤ በጨርቅ ሸፍኖ ማቆየት ፕላስቲኩን ያግላል። ጠርዙ ወደ ላይ የሚወጣው በመንገዱ ዳር በኩል መሆን አለበት። በቀኝ በሚነዳበት አገር ወደ ግራ የሚወጣ ከሆነ መብራቱ የተሠራው በግራ ለሚነዳበት አገር ነው፤ በብሎን ዝቅ ማድረግ አያርመውም፣ ቀይሩት። ጭነት ከኋላ ሲያጎነብስ አፍንጫው ስለሚነሣ ካቢና ውስጥ ያለውን የከፍታ ማስተካከያ ጭነት በተቀያየረ ቁጥር አዙሩ። ማስተካከያው ከሌለ ጭናችሁ ለኩ።

ተጨማሪ መብራት መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ከረጅሙ መብራት ጋር ብቻ አብሮ የሚበራና አብሮ የሚጠፋ ሆኖ፣ በራሱ ሪሌ። ካቢና ጣሪያ ላይ የተሰቀለ መብራት በአቧራና በጉም ውስጥ ብርሃኑን ወደ ዓይናችሁ ይመልሰዋል። ከመኪናው ፊት ያለውን አስፋልት ብቻ የሚያነጣ መብራትም ብዙ የምታዩ ያስመስላችኋል፤ ዓይን ለቅርቡ ድምቀት ሲጠብብ ሩቁ ይጠፋባችኋል። በዚሁ ምክንያት የዳሽቦርዱን መብራት ቀንሱ፣ የፊት መስታወቱንም ከውስጥ በኩል እጠቡ፤ የሚከማችበት ስስ ቅባት ከፊት የሚመጣውን መብራት ሁሉ ይበትነዋል። ቢጫ የሌሊት መነጽር ደግሞ ከዓይናችሁ ብርሃን ይቀንሳል፣ ተዉት።

ካቢና ውስጥ ሁለት አምፖል፣ ሦስት ፊውዝና አንድ ሪሌ ይኑራችሁ። አምፖሉን አንድ ጊዜ በቀን ቀይራችሁ ሞክሩት፤ በአንዳንድ መኪና መብራቱን ሳታወጡ እጅ አይገባም፣ የትኛው ብሎን እንደሚፈታ በጨለማ መንገድ ዳር መፈለግ አይመችም።