የአያቴ አርባ ጾም ላይ ዋለ፤ ከገና በኋላ እናድርገው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አያቴ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ዘጠና ዓመት ገደማ ኖረው በጥቅምት መጨረሻ አረፉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ስለደፉ እማሆይ ነበር የምንላቸው። እኛን የልጅ ልጆቻቸውን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። አርባቸው ታኅሣሥ ላይ በነቢያት ጾም ይውላል። አጎቶቼ «ሥጋ የሌለው ተዝካር ምን ተዝካር ነው? ከገና በኋላ ሁለት በሬ እንጥላለን» ብለው ገንዘብ ሊበደሩ ነው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ድግሱ ካነሰ ነፍሳቸው ደጅ ቆማ ትቀራለች አሉን። የአክስቴ ልጅ በበኩሏ «እሳቸው ጻድቅ ናቸው፤ ጸሎትም አያሻቸው» ትላለች። እኔ ደብረ ብርሃን ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው፤ የብድሩን ድርሻሽን አምጪ ተብያለሁ። ምን ላድርግ? እማሆይንስ እንዴት ላስባቸው?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእማሆይን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልን።

የሣልስቱን፣ የሰባቱን፣ የሰማንያውን ዝርዝር አልነግርሽም። ታውቂዋለሽ፤ ብትረሺውም የአጥቢያችሁ ካህናት ያስታውሷችኋል። እኔ የያዘኝ ያቺ ደጅ ቆማ ትቀራለች የተባለችው ነፍስ ናት።

ይህን ወሬ በየሄድኩበት እሰማዋለሁ። ጠላው ቀጠነ ከተባለ ነፍስ አለቀሰች ይባላል። በሬው ከሳ ከተባለ ነፍስ ወደቀች ይባላል። የተማረውም ያልተማረውም ይለዋል። ከየት አመጣችሁት ስል ግን ጥቅስ የሚያመጣልኝ የለም። ምንጩ ይሉኝታ ነዋ! «ሰው ምን ይለናል» ማለት ስለሚያሳፍረን «ነፍሷ ምን ትሆናለች» እንላለን። እግዚአብሔር የእናትን ነፍስ የሚመዝነው ልጆቿ ባረዱት በሬ ከሆነ፣ ድሃ ሁሉ ከመንግሥተ ሰማያት ውጭ ሊቀር ነው ማለት ነው። አልዓዛርን ማን ደገሰለት? ቁስሉን የላሱለት ውሾች ነበሩ። መላእክት ግን ወደ አብርሃም እቅፍ ወሰዱት።

ድግስ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ቀብር የቆፈረ፣ ሌሊት ያስተዛዘነ፣ እንጨትና ውኃ ያመላለሰ ጎረቤት ቢበላ ቢጠጣ ደግ ነው። ነገር ግን ተዝካሩ የሚቆመው በቅዳሴው፣ በፍትሐቱና በምጽዋቱ ነው። እስኪ የምናውቀውን ዳስ እናስታውስ። ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ሹሙ፣ ባለ ሱቁ፣ ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣው ዘመድ። ነዳያኑ አጥር ሥር ተደርድረው እቃ ይዘው ይጠብቃሉ። ተራቸው ሲደርስ ወጡ አልቆ እንጀራ በድልህ ይታደላቸዋል። ጌታ በሉቃስ ምዕራፍ 14 ግብዣ ስታደርግ ድሆችን ጥራ፣ የሚመልሱት ብድራት የላቸውምና ብፁዕ ትሆናለህ ብሎ ነበር። እኛ የሚመልስልንን አስቀድመን እንጠራለን። የነገው ተዝካር የእሱ ነውና!

ስለ ጾሙ ደግሞ በግልጽ ልናገር። እማሆይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የነቢያትን ጾም ጾመዋል። አሁን የራሳቸው አርባ ሲደርስ ጾሙ እንቅፋት ሆነ? አርባው በቀኑ ይዋል። ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ የገብስ ዳቦው ምን አጠፋ? ወሩ ገብስ አውድማ ላይ ያለበት ነው፤ ከቤት ባለው ይሠራል። ለሥጋ ተብሎ ቀኑ ከተዛወረ የታሰበችው እናት ሳትሆን ሥጋው ነው። አጎቶችሽን ይህ አነጋገር ያስቆጣቸው ይሆናል። ይቆጡ።

በብድሩ ላይማ ጭራሽ አልስማማም። ለተዝካር ብለው የሚያርሱበትን በሬ ጥለው፣ ክረምት ሲመጣ ጥማድ ፍለጋ ጎረቤት ደጅ የሚጠኑ ቤቶች አውቃለሁ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተው የአራጣ ዕዳ የሚከፍሉላትን እናት ይህ ደስ ያሰኛታል?

የአክስትሽን ልጅ በተመለከተ ቅንነቷን እወድላታለሁ፤ ግን ተሳስታለች። የሰውን ጽድቅ የሚፈርደው እግዚአብሔር ነው፤ የእኛ ድርሻ መለመን ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቡ። መጀመሪያው ላይ «በአያትህ በሎይድ» የነበረውን እምነት ያነሣል። መጨረሻው ላይ ሄኔሲፎሩ የተባለው ወዳጁ በዚያ ቀን ከጌታ ምሕረትን እንዲያገኝ ይለምናል። ያ ሰው ጳውሎስ ታስሮ ሳለ በሰንሰለቱ ሳያፍር ፈልጎ ያገኘው፣ ያሳረፈው ሰው ነው። ደግ ስለሆነ ጸሎት አያስፈልገውም አላለም። ዮሐንስ አፈወርቅም ኢዮብ ለልጆቹ ያቀርበው የነበረውን መሥዋዕት አንሥቶ፣ ላረፉት የምናደርገው ከንቱ እንዳይመስለን ያስተምራል።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ ልምጣ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ጣቢታ የተባለች ሴት በኢዮጴ ሞተች። ጴጥሮስ ሲደርስ መበለቶቹ ከበቡት። ያሳዩት ምን ነበር? ከእነሱ ጋር ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ። እያለቀሱ ልብሱን ያሳዩታል።

እማሆይን አላውቃቸውም። የመንዝ እናቶችን ግን አውቃለሁ። እጃቸው እንዝርት አይለየውም። ያንን ብርድ የሚችል ባና የሚሸመነው እነሱ ከፈተሉት የበግ ጠጉር ነው። ለጧፍ ክሩን ይፈትላሉ፣ ሰም ያለብሱታል፣ ከነጠላቸው ሥር ይዘውት ለኪዳን ይገሰግሳሉ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ ደጃቸው ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ለልጅ የተቀመጠውን ቁራሽም ቢሆን ይሰጡታል። ውሻውን እየገሠጹ! የአያትሽ እጅ የነካውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ማን ለበሰው? ማን በላው? አርባ ሳይደርስ መንደሩን ዞረሽ ጠይቂ። ምናልባት እናንተ ቤተሰቦቹ የማታውቁት ሰው ይመጣ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ፤ በደብዳቤሽ አላነሣሽውም። እማሆይ የማርያም ወይም የሚካኤል ማኅበር ነበራቸው? ሰንበቴስ? መቼም ያለ ጽዋ አልኖሩም። ተራቸው ሲደርስ ጽዋውን ማን ይቀበላል? ለአንድ ቀን ድግስ ስንት ሺህ ብር ስንበደር፣ እናት ስንት ዘመን የጠጣችው ማኅበር ተረካቢ አጥቶ ይቀራል። ለዚህ ሲሆን ግን ማንም ሰው ምን ይለናል አይልም። የአጎትሽ ሚስት ቅርብ ናቸውና ይረከቡ፤ አንቺ ወጪውን ደግፊ። በዓመት አንዴ ተራው የእናንተ ሲሆን ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ መሄድ አያቅትሽም።

ድርሻሽን አምጪ ስትባዪም የለኝም አትበዪ። ለብድሩ ሳይሆን ለመገበሪያው፣ ለዕጣኑ፣ ለጧፉና ለነዳያኑ ማዕድ ስጪ። ከዳሱም የመጀመሪያውን መደዳ ለነዳያን አስይዢ። ለአብነት ተማሪዎቹ የሚሆን ካለሽ ደግሞ ከአርባው በኋላም አታቋርጪ።

ለአጎቶችሽ ግን ይህን አንቺ አትንገሪያቸው። ከከተማ የመጣች ልጅ ልታስተምረን ነው ብለው ጨርሶ ይከራሉ። የእማሆይን ንስሐ አባት ቀድመሽ አግኚያቸው፣ ይህን መልሴን አንብቢላቸው፤ ቤተሰቡን እሳቸው ሰብስበው ያናግሩ። ገንዘቡን ከመበደራቸው በፊት እንዲሆን በዚህ ሳምንት ሂጂ።