ነፍሳትን በቀለምና በኅትመት፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤያለሁ፤ በቀጥታ ልግባ።

ሥዕል ብዙ አልችልም። በየትኛው ነፍሳት ልጀምር?

በጢንዚዛ ጀምሪ። ጀርባዋ ሰፊ፣ ቅርጿ ግልጽ ስለሆነ ለሊኖሊየም ቅርጽ (ለስላሳ የወለል ንጣፍ ፈልፍሎ፣ ያልተፈለፈለውን ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ማተም) የተፈጠረች ነው የምትመስለው። ከመሳልሽ በፊት ግን ገልብጠሽ እያት። ስድስቱም እግሮቿ የሚነሱት ከደረቷ ነው፤ ከሆዷ አንድም አይወጣም። ብዙ ሰው እግሮቹን በሰውነቷ ሙሉ ይበታትናቸዋል። ከዚያ ሥዕሉ «የሆነ ነገር ጎድሎታል» ይላል፤ ምን እንደሆነ ግን አያገኘውም።

የቢራቢሮ ክንፍ ላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ስቀርጽ ይሰበሩብኛል።

ጥቁር መስመር ጎልቶ እንዲቀር ዙሪያውን እየፈለፈልክ ነው። ተወው፣ መስመሩን ራሱን ፈልፍለው፤ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የእሳት ራት እንዲህ ስትሠራ ታምራለች፤ ከጨለማ ውስጥ ብቅ ያለች ትመስላለች።

የግድ ጥቁር ይሁን ካልክ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ በሹል መርፌ ጫር። ከጭረቱ ዳር ሸካራ ጠርዝ ይነሳል፤ ቀለም ይዞ መስመሩን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። የንብ ደረት ላይ ያለውን ጸጉር እንደዚህ አድርጎ የሚያወጣ ሌላ ዘዴ አላውቅም። ጠርዙ ግን ቶሎ ስለሚደፈጠጥ ብዙ ቅጂ አትጠብቅ።

ቀለሙ የቀረጽኩትን ይሞላብኛል።

በዝቶብሻል። ሮለሩን ስታንከባልዪው ድምፁን ስሚ። እንደ ማጣበቂያ ጧ ጧ ካለ ቀንሺ። በስሱ «ሽሽሽ» ሲል ደርሷል። አንዴ ከማወፈር ሦስቴ በስሱ መቀባት ይሻላል።

ማተሚያ ከሌለኝስ?

ለሊኖሊየም ስስ ወረቀትና የእንጨት ማንኪያ ጀርባ ይበቃሃል።

ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። መፍትሔ አለው?

ከመቅረጽሽ በፊት ንድፉን ገልብጠሽ አስተላልፊ። ነፍሳትን እያጠናች ትስል የነበረችው ጀርመናዊቷ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ግን ሌላ መንገድ ነበራት። በ1699 ነፍሳትን ለማጥናት ደቡብ አሜሪካ ወዳለችው ሱሪናም ሄዳ፣ በ1705 መጽሐፏን አሳተመች። ለአንዳንድ ቅጂዎች ገና ያልደረቀውን ኅትመት ሌላ ወረቀት ላይ ተጭነው ያትሙት ነበር። ምስሉ ወደ መጀመሪያው አቅጣጫው ይመለሳል። መስመሩም ፈዘዝ ስለሚል፣ በእጅ ቀለም ሲቀባ ኅትመት መሆኑ ይረሳል። እኔ ዛሬም ድረስ የምቀናባት በዚህ ነው።

ከነፍሳት ቀለም ይገኛል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አንዳንድ ጥቃቅን ተርቦች ኦክ ዛፍ ላይ እንቁላል ሲጥሉ ዛፉ ክብ እባጭ ያወጣል። እባጩ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል የዕፅዋት ንጥረ ነገር ከብረት ጨው ጋር ሲዋሃድ ቀለም ይሆናል። አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ተጽፎበታል። ሲጻፍበት ፈዛዛ ነው፤ አየር ሲያገኝ ዓይንህ እያየ ይጠቁራል። ቀጭን ስለሆነ ለብዕር እንጂ ለሮለር አይሆንም። አሲድ ስላለበትም ከጊዜ በኋላ ወረቀት ይበላል። ቢሆንም ተርብን ከተርብ በመጣ ቀለም መሳል ልዩ ደስታ አለው።

ለሞዴል መግደል አለብኝ?

በፍጹም። መስኮት ጥግና አምፖል ሥር የሞቱ አይጠፉም። ደርቆ እግሩ ከታጠፈ፣ እርጥብ ጥጥ ያለበት ዕቃ ውስጥ ከድነሽ አንድ ቀን አሳድሪው። ይለሰልስና እግሩን በመርፌ ቀስ አድርገሽ ትዘረጊዋለሽ።