ቆሮሶው ውስጥ ትል ላገኘችው እህታችን

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። ከቱሉ ዲምቱ የገዛሽው ቆሮሶ ስንጥቡ ሥር የተጠቀለለ ቀላ ያለ ትል ተገኘበትና ይጣል ወይ? ባለቤትሽ እንዳለው በጥሬው በሚጥሚጣ ቢበላስ ኮሶ ይይዛል ወይ? ዓሣው አይጣልም፤ በጥሬው ግን አይበላም። የኮሶውን ነገር ተዪው፤ እኛ አገር የምናውቀው ኮሶ የሚይዘው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው። ቢልሃርዚያም በቆዳ በኩል ከውሃው እንጂ ዓሣ በመብላት አይገባም።

ያየሽው ትል ባለበት ቦታ ሲገመት ኮንትራሴከም የሚባለው ነው። ከዝዋይ፣ ከቆቃም ሆነ ከሐዋሳ በሚመጣ ዓሣ ላይ የተለመደ ነው። ያደገው ትል የሚኖረው ዓሣ በል ወፎች ጨጓራ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ በኩሳቸው ሐይቅ ይገባል፣ ከዚያ በጥቃቅን የውሃ ነፍሳት በኩል ዓሣው ላይ ይደርሳል። አምባዛ ላይ ሆድ ዕቃው መሀል ይገኛል። ቆሮሶ ላይ ግን ልቡ ያለባት ክፍል ውስጥ ይጠቀለላል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ዓሣ ለመጥበስ ሆዱን ብቻ ሰንጥቀን እናጥባለን። የልቡ ክፍል ግን ከሆዱ በስስ ሽፋን የተለየ ስለሆነ ሳይከፈት መጥበሻ ላይ ይወጣል።

ስለዚህ ቢላውን ከመውጫ ቀዳዳው ጀምረሽ ጫፉን ብቻ አስገብተሽ (በጥልቀት ከገባ አንጀትና ሐሞት ይፈሳል) እስከ አገጩ ድረስ ክፈቺው። ሆድ ዕቃውን አውጪ፣ ከዚያ ወደ ጭንቅላቱ በኩል ያለውን ሽፋን በጣትሽ ቅደጂና ልቡንና ስንጥቡን አብረሽ ንቀዪ። ይህን በገዛሽበት ቀን አድርጊው፤ ሆድ ዕቃው ሳይወጣ ባደረ ዓሣ ውስጥ ትሎቹ ወደ ሥጋው ሊገቡ ይችላሉ። ሌላው የዓሣ ትል ክሊኖስቶመም የሚባለው ነው፦ የጤፍ ሳይሆን የሩዝ ፍሬ የሚያክል ቢጫ ነገር ስንጥቡ አካባቢ ወይም ቆዳው ሥር ታገኛለሽ። ጥሬውን የዋጡ ሰዎች ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ እንዳቆሰለ ከጃፓንና ከኮሪያ ተመዝግቧል። ያለበትን ቦታ ቆርጠሽ ጣዪ። ሥጋው ሁሉ በዚህ ከተሞላ ግን አትልፊ፣ ሙሉውን ጣዪው። ፊሌቶ ከሆነ የገዛሽው ጠፍጣፋ የብርጭቆ ሳህን ላይ ዘርግተሽ ከሥር የስልክሽን ባትሪ አብሪበት፤ ስስ ሥጋ ውስጥ ያለ ትል ጥላው ይታያል።

ሎሚ፣ ሚጥሚጣና አዋዜ ትል አይገድሉም። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል፣ የበሰለ ያስመስለዋል፣ ያ ብቻ ነው። የሚገድለው እሳት ነው፦ የሥጋው መሀል 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ በቂ ነው። እኛ ባለንበት ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ጉላሽ ለዚህ አያሳስብም። ቴርሞሜትር ከሌለ በሹካ ነካ አድርጊው፤ ብርሃን የሚያሳልፈው መልኩ ጠፍቶ ነጭ ከሆነና በንብርብር ከተላቀቀ በስሏል። ሙሉ ዓሣ ሲጠበስ ሁለቱንም ጎን ሦስት አራት ቦታ እስከ አጥንቱ ሰንጥቂው፣ አለዚያ ውጪው ቡናማ ይሆንና መሀሉ ጥሬ ይቀራል። በረዶው ሳይለቅ ዘይት ውስጥ የገባም እንዲሁ ነው።

በእኔ እምነት ከጥሬው ይበልጥ የሚያታልለው ዱለቱና ለብለቡ ነው። ተመጋቢው የበሰለ በላሁ ይላል፤ መጥበሻው ላይ ግን አንድ ሁለቴ ብቻ ተገላብጧል። የዓሣ ዱለት ደቅቆ ስለሚከተፍ ቶሎ ይበስላል፤ ሦስት አራት ደቂቃ ብትጨምሪበት ጣዕሙ አይሞትም። ዓሣ ያረፈበትን መክተፊያና ቢላ ደግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሳታጥቢ ሰላጣ አትክተፊበት። እንዲያውም ከትሉ ይልቅ ባክቴሪያው ነው ብዙ ሰው የሚያሳምመው፤ ከዝዋይ ያለ በረዶ በፀሐይ የመጣ ዓሣ ትል ባይኖርበትም አይገዛም። ስንጥቡ ቡናማ፣ ዓይኑ የጎደጎደ ከሆነ እለፊው። ሆድ ዕቃውን ለድመት የምትሰጪ ከሆነም ቀቅለሽ ስጪ።

ጥሬ ዓሣ ቀድሞ ተበልቶ በሰዓታት ውስጥ ጨጓራ ላይ ብርቱ ቁርጠትና ትውከት ከመጣ፣ ወይም ጉሮሮ ውስጥ የሚያሳክክ ነገር ከተሰማ፣ ሐኪም ጋ ሂዱና ጥሬ ዓሣ መበላቱን ተናገሩ። ከፋርማሲ የኮሶ ኪኒን ገዝቶ በግምት መዋጥ አይረዳም።

ባለቤትሽ ጥሬውን የግድ ካለ፣ ፊሌቶውን ሳትደራርቢ ዘርግተሽ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ 7 ቀን ሙሉ አቆዪው። ይህ ትሉን እንጂ ባክቴሪያውን አይገድልም። የተራ ፍሪጅ የላይኛው ሳጥን ይህን ቅዝቃዜ ብዙውን ጊዜ አይደርስበትም። መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ ዓሣው ከለሰለሰ ደግሞ ለጥሬ መሆኑ ቀረ፤ ያኔውኑ አብስይው።